በረኛው ሲገመገም

«ቀጣይ!» አሉ አቶ አድማሴ።

አራተኛው ተጫዋች ተቀመጠና አምስተኛው ተነሣ። ባዬ በዓይኑ ቆጠረ። የእሱ ተራ እስኪደርስ ሦስት ሰው ቀርቷል። 

የኮሌጁ ቡድን ቅዳሜ ዕለት ቡሬ ላይ ስድስት ለዜሮ ተሸንፏል። በተከታታይ አራተኛ ሽንፈቱ ነው። ፍኖተ ሰላም በተመለሱ በሦስተኛው ቀን የተማሪዎች ዲኑ አቶ አድማሴ ተጫዋቾቹን አንድ መማሪያ ክፍል ውስጥ ሰብስበው ግምገማ ጀመሩ። እያንዳንዱ ተነሥቶ ጥንካሬውንና ድክመቱን ይናገራል፤ ጥፋተኛውንም ያጋልጣል።

«ጥንካሬዬ ሰዓት ማክበሬ ነው» አለ አምስተኛው። «ድክመቴ ስሜታዊ መሆኔ ነው። ለሽንፈቱ ግን ዋናው ምክንያት የበረኛችን የምናለ የዲሲፕሊን ችግር ነው። ከቡሬ ሰዎች ጋር ሲነጋገር ታይቷል።»

ከመጀመሪያው ተናጋሪ ጀምሮ አንድ ቃል አልተለወጠም። ጧት ቁርስ ላይ አምበሉ ክንዱ ነው ያስጠናቸው። «ሁላችንም አንድ ነገር ነው የምንናገረው» ብሏቸዋል። ክንዱ የማንኩሳ ልጅ ነው፤ ባዬም እንደዚያው። ባዬን ለምኖ ቡድኑ ውስጥ ያስገባው እሱ ነው። አሁን ፊት ወንበር ላይ እግሩን ዘርግቶ ተቀምጧል። ወደ ኋላ ዞሮ እንኳ አያይም።

ምናለ ግድግዳው ጥግ ብቻውን ነው። ከጅጋ ወዲያ ካለ ገጠር መጥቶ ኮሌጅ ከገባ ገና አምስት ወሩ። ጨዋታ ሸጧል ከተባለ ነገሩ በቡድኑ አያበቃም፤ ዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት ይቀርባል፣ ከዚያም ትምህርቱን ትቶ ወደ አገሩ ነው።

«ምናለ፣ ተነሥ እስቲ» አሉ ዲኑ። «ጨዋታውን ሸጠሃል?»

«አልሸጥሁም፣ መምህር።»

«ታዲያ ከማን ጋር ነበር የምታወራው?»

«አክስቴ ናት። ቡሬ ነው ያገባችው። ልትስመኝ መጥታ ነው።»

«እሷስ ቡሬ ታግባ! ስድስቱን ጎል ያገባብህ ማነው?»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ባዬም ሳቀ፤ መሳቁን ያወቀው ቆይቶ ነው።

«እጅህን ከኪስህ አውጣ! መድረክ ፊት ነው የቆምኸው!»

ምናለ ቀኝ እጁን ከጃኬቱ ኪስ ቀስ ብሎ አወጣ። ሁለት ጣቶቹ አብጠው ጠቁረዋል። ሳቁ ቆመ።

«ምን ሆነህ ነው?»

ምናለ የክንዱን ጀርባ አየ። «ወድቄ ነው» አለ።

መስኮቱ ሥር የተቀመጡት አሰልጣኙ መምህር እንግዳው አቀርቅረው ጫማቸውን ማየት ጀመሩ።

ዲኑ ዓይናቸውን ወደ ማስታወሻቸው መልሰው፣ «ቀጣይ!» አሉ።

ስድስተኛው ያንኑ አለ። ሰባተኛውም ያንኑ አለ። ባዬ ሲነሣ ጉልበቱ ከፊቱ ካለው ዴስክ ጋር ተጋጨ።

«ጥንካሬዬ…» አለና ቀጥ አለ። ጧት ያጠናው ሁሉ ጠፋበት። ከምናለ ጣቶች ላይ ዓይኑን መንቀል አቃተው። «ድክመቴ፣ አይቼ ዝም ማለቴ ነው።»

ክንዱ ለመጀመሪያ ጊዜ ዞረ።

«ምኑን አይተህ?» አሉ ዲኑ።

«ምናለ አልወደቀም። ቡሬ፣ ከጨዋታው በፊት፣ ልብስ የምንቀይርበት ክፍል ውስጥ ነው። በኛ ቡድን አዲስ ገቢ የነባሮችን ጫማ ይጠርጋል፤ እኔም በተራዬ ጠርጌያለሁ። ምናለ ያን ቀን አልጠርግም አለ። ጎንበስ ብሎ ጫማውን ሲያስር ክንዱ እጁን ረገጠው። በታኬታ። እኔ በሩ ጋ ሆኜ አይቻለሁ። ሁላችንም አይተናል።»

«ባዬ» አለ ክንዱ፣ ዝግ ባለ ድምፅ።

ዲኑ ወደ መስኮቱ ዞሩ። «መምህር እንግዳው፣ ይህን ያውቁ ነበር?»

አሰልጣኙ ኮፍያቸውን አወለቁ። «ሌላ በረኛ አልነበረንም» አሉ። «ጓንት አጥልቅበት አልሁት።»

አቶ አድማሴ ማስታወሻቸውን ዘጉ። ክንዱና አሰልጣኙ ቢሮ እንዲከተሏቸው፣ ምናለም አሁኑኑ ሆስፒታል እንዲሄድ አዘዙና ወጡ። ተጫዋቾቹ ባዬን ዞር ብለው እያለፉት ወጡ። አንዱ ሆን ብሎ በትከሻው ገጨው። ባዬ ግን ቀና ብሎ ቆሞ ነበር። ቅዳሜ ደረቱ ላይ የተቀመጠው ነገር የወረደለት መሰለው።

«ና፣ ሆስፒታል ላድርስህ» አለው ምናለን።

ምናለ አልተነሣም። «በሩ ጋ ሆኜ አልሃቸው» አለ።

«አዎ።»

«የተረገጠ እጄን ይዤ ልወጣ ስሮጥ ጀርባህን ለበሩ ሰጥተህ ቆምህብኝ። ባዬ፣ አሳልፈኝ አልሁህ። ሁለት ጊዜ አልሁህ።» ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። የታመመ እጁን በደህናው ደግፎ መሬት መሬት ያያል። «ያን ቀን በረኛው አንተ ነበርህ።»

ባዬ፣ «ክንዱ በሩን ያዝ ብሎኝ ነው» ሊል አፉን ከፈተ። መልሶ ዘጋው።

የዲኑ እርምጃ በኮሪደሩ እየራቀ ይሰማል። ጥቂት ቢቆይ ጨርሶ አይሰማም። ባዬ ወደ በሩ ሄደ።

«መምህር!» ብሎ ተጣራ። «መምህር፣ የቀረኝ ነገር አለ!»

እርምጃው ቆመ።