እንቦጩ መሃል

ከሩቅ ሲያዩት በሐምራዊ አበባ ያጌጠ መስክ ይመስላል። እንቦጩ ግን የጣናን ዳር ሸፍኖ ዓሣውን ጨርሶታል፤ በዳሩ የምትኖረው ሴት ጎረቤቶችም አገር ለቀው ሄደዋል። ባሏ ዓሣ ፍለጋ በታንኳ ርቆ ሄዶ ሲመለስ፣ ነፋስ የገፋው አረም ከብቦ ያዘው፤ አይቀዘፍ፣ አይረገጥ። ከትናንት ጀምሮ ስሟን እየጠራ ሲጮኽ ከዳር ቆማ ትሰማዋለች።

በማለዳው ጭጋግ እንቦጭ የሚያጸዱ ሰዎች በሞተር ጀልባ መጡ።

«እናቴ፣ ‹አንጓች! አንጓች!› የሚል ድምፅ የሰማን መሰለን» አላት አንደኛው። «አንጓች የምትባል ሴት ያውቃሉ?»

ባሏ ባለፈው ሰሞን በመቅዘፊያ የሰበረውን ክንዷን ነጠላዋ ውስጥ ሸሸገች።

«በዚህ አገር እንዲህ የምትባል የለችም፤ የሰማችሁት ወፍ ነው» አለችው።

አመስግነዋት ጀልባዋን ወደ ከተማው አዞሩ።