ቅጭ ያለችው ነገር

ብስክሌቱን ከመሬት አንድ ስንዝር አነሳና ለቀቀው። ሁለቱ ጎማዎች አስፋልቱን መትተው ነጠር አሉ፤ አብሮም ከየት እንደሆነ እንጃ፣ አንድ ነገር ቅጭ አለ።

መካኒኩ ጆሮውን ቀሰረ። ደህና ብስክሌት ሲለቀቅ የሚሰማው የጎማው ድምፅ ብቻ ነው። ሌላ ነገር ከተሰማ የላላ ነገር አለ ማለት ነው። ሰላሳ ዓመት ሙሉ ተወዳዳሪዎቹን ሲያስተምር የኖረው ይህንኑ ነው። ደግሞ አነሳና ለቀቀው። ቅጭ።

«ፌንጣ፣ ስድስት ደቂቃ!» አለ ሰዓት ያዡ ከመነሻው መድረክ ላይ። ተወዳዳሪዎቹ በየሁለት ደቂቃው አንድ በአንድ እየተለቀቁ ቁልቁለቱን ይወርዳሉ። ሰዓቱ የሚጠብቀው ሰው የለም፤ ያልደረሰ ቀረ።

ጋሽ መፍቻ ተንበረከከ። ስሙን ያወጡለት ተወዳዳሪዎቹ ናቸው፤ ትክክለኛ ስሙን የሚጠራው ባንኩና ሚስቱ ስትቆጣ ብቻ ነው። የፊት ጎማውን ይዞ ግራና ቀኝ ወዘወዘው፤ ንቅንቅ የለም። ፍሬኑን ጨብጦ ብስክሌቱን ወደፊት ገፋው፤ መሪው ፍንክች አላለም። ኮርቻውን፣ ፔዳሎቹን፣ ካቴናውን ዳሰሰ። መፍቻውን በየብሎኑ እያስገባ ሞከረ፤ አንዱም አልዞረለትም። አጥብቆ ሲጨርስ ከየብሎኑ ራስ እስከ አጠገቡ ብረት የሚያሰምራት ቀይ የጥፍር ቀለምም ከቦታዋ አልተዛነፈችም። እሷን ማመን ከተወ ግን አራት ወሩ ነው።

የዛሬ አራት ወር፣ ልምምድ ሊወጡ ሲሉ፣ የመሪውን ብሎኖች በጣቱ ብቻ አስገብቶ ሳለ አሰልጣኙ ጠራው። የቀለሙ ብሩሽ እጁ ላይ ነበር። እንዳይደርቅበት ብሎ አስቀድሞ አሰመረና ሄደ። ሲመለስ መስመሯን አየ፤ መስመር ያለበት ብሎን የጠበቀ ብሎን ነው፣ አለፈው። ራሱ ያወጣው ሕግ ራሱን ጉድ ሠራው። መሪው ቁልቁለት መሃል ላይ ዞረ፤ የፌንጣ ትከሻ ሁለት ቦታ ተሰበረ። ፌንጣ ደግሞ የታናሽ እህቱ ልጅ ናት። እህቱ ከዚያ ወዲህ አላናገረችውም፤ እሱም አይፈርድባትም።

«ጋሼ፣ ምን እየፈለግክ ነው?»

ፌንጣ ሄልሜቷን አጥልቃ ከኋላው ቆማለች። ዳገት ላይ ከኮርቻዋ እየተነሳች ስለምትዘል ነው ፌንጣ የተባለችው።

«የላላ ነገር አለ። አትሄጂም።»

«የቱ ነው የላላው?»

«ባውቀው አጠብቀው አልነበር? ስሚ!» አነሳና ለቀቀው። ቅጭ። «ሰማሽ? አትሄጂም ብያለሁ፤ አበቃ። ውድድሩ ለዓመቱም አለ። እናትሽ ፊት ሁለተኛ በምን ዓይኔ ልቁም?»

«ከእናቴ ጋር ጨርሻለሁ» አለች። «ብስክሌቴን ከጋሼ ሌላ ሰው ከነካው አልወዳደርም ብያታለሁ። ለአሰልጣኙም እንደዚሁ።»

ቀና ብሎ አያት። ይህን የነገረው ሰው የለም። ከአደጋው በኋላ ያገደው አሰልጣኝ ሰው ቢያጣ የመለሰው መስሎት፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ አንገቱን ደፍቶ ነበር የሚሠራው።

«አራት ደቂቃ!»

«እስቲ አምጣው» አለችና ብስክሌቱን ተቀበለችው። አንድ ስንዝር አነሳችና ለቀቀችው። ጎማዎቹ ነጠር አሉ። ሌላ ድምፅ የለም።

ደገመችው። አሁንም የለም።

«በል አንተ።»

ጎንበስ ብሎ አነሳ፣ ለቀቀ። ቅጭ።

ፌንጣን ሳቅ አመለጣት። «ኧረ ጋሼ፣ የምትንኳኳው አንተ ነህ!» እምቢ ለማለት ፋታ ሳትሰጠው እጇን ጃኬቱ የደረት ኪስ ውስጥ ከተተች። ትንሿን መፍቻ አወጣች። ቀጥላ አንድ ብሎን አወጣች። ራሱ ላይ ግማሽ ቀይ መስመር አለ።

ሳቋ ቆመ። ብሎኑን መዳፏ ላይ አገላበጠችው።

«የያኔው ነው?»

«ነው» አለ። ሌሎቹ እሷን ተሸክመው ሲሄዱ አስፋልቱ ላይ ያገኘው እሱ ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከኪሱ አልለየውም።

ፌንጣ ብሎኑን የማሊያዋ የኋላ ኪስ ውስጥ ጨመረችው።

«እኔ ጋ ይሁን። አንተ ይዘኸው ብስክሌት መፈተሽ አትችልም።»

መድረኩ ላይ ከፊቷ ያለችው ተወዳዳሪ የፊት ጎማዋን በጉልበቶቿ መሃል አጥብቃ መሪዋን አንዴ ጠመዘዘች። ሁሉም ከመነሳቱ በፊት እንዲያ ያደርጋል፤ በገዛ እናቱ የታሰረ መሪ ቢሆን እንኳ ጠምዝዞ ካላየ አይወጣም። ፌንጣ ግን ተራዋ ሲደርስ እግሯን አሻግራ ቁጭ አለች። መሪውን አልጠመዘዘችም። ወደታችም አላየችም።

ሰዓት ያዡ እጁን ጣለ።

ጋሽ መፍቻ እስከ አጥሩ ጫፍ ሮጠ። ሌሎቹ ሁሉ ፍሬን የሚይዙበት ኩርባ ላይ ስትደርስ እሱም ሳያውቀው ባዶ መዳፉን ጨበጠ፤ እሷ አልያዘችም። ደረቷን መሪው ላይ አስተኝታ፣ ብስክሌቱን ጉልበቷ አስፋልቱን ሊነካ እስኪደርስ አጋድማ ገባች፤ ቀና ብላ ወጣች። እንዲህ ያለ መታመን በዕድሜው አይቶ አያውቅም። አጥሩን በሁለት እጁ ሙጭጭ አድርጎ ያዘ።

«ምን ሆንክ፣ ጋሽ መፍቻ?» አለው ሰዓት ያዡ።

«ዝም በል» አለ፣ ጆሮውን ወደ ቁልቁለቱ አዘንብሎ። «እየሰማሁ ነው።»

ከታች ቅጭ የሚል ነገር አልነበረም።