አርባ ጠርሙስ ውሃ

«ሌሎቹስ?» አለ ጋሽ ሽፈራው፣ ከአራቱ ልጆች ትከሻ በላይ በሩን አሻግሮ እያየ።

«ሌላ ማን አለ?» አለች ታላቋ፣ ትግስት። «ሁላችሁም ኑ ተባልን፣ ሁላችንም መጣን።»

ጋሽ ሽፈራው ሳቀ። ከጎሮ እስከ ቦሌ ያለውን የታክሲ ሰልፍ ያውቀዋልና መዘምራኑ ተከፋፍለው እየመጡ መሰለው። ለነሱ ሲል የሬዲዮ ጣቢያውን ትልቁን ስቱዲዮ ለምኖ አስከፍቷል። በግድግዳው ጥግ አርባ ጠርሙስ ውሃ ተደርድሯል፤ ያስደረደረውም ራሱ ነው።

«ከአርባው አራታችሁ ቀድማችሁ ደረሳችሁ በሉኛ!»

ልጅቷ ሁለት ወንድሞቿንና እህቷን ዞራ አየች። «ጋሼ፣ እኛ አርባ ሆነን አናውቅም። መዝሙሩን ቤታችን፣ ኮንዶሚኒየም ውስጥ፣ ድምፅ እንዳያስተጋባ ቁም ሳጥኑን በብርድ ልብስ ሸፍነን ነው የቀዳነው። እያንዳንዳችን አስር አስር ጊዜ ዘመርን፣ ከዚያ እዝራ በኮምፒውተር ደራረበው።»

እዝራ የተባለው ወንድሟ አንገቱን ደፋ። ጋሽ ሽፈራው ክው አለ።

እንግዲህ ይሄ ሰውዬ ማለት ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ የመዝሙርና የክላሲካል ሙዚቃ ቅጂዎችን በሬዲዮ ሲመዝን የኖረ ነው። ከሱ አፍ ምስጋና ከማውጣት ከድንጋይ ውሃ መጭመቅ ይቀላል። ስንቱን ስመ ጥር ዘማሪ «ማሚቶህን ሰማሁ፣ ድምፅህን ግን አላገኘሁትም» ብሎ ቤቱ ሰዶታል! ባለፈው ሳምንት ግን «የጎሮ መዘምራን» ከሚል ስም በቀር ምንም ያልተጻፈበት ቅጂ ደረሰውና ልቡ ጠፋ። «አርባ ናቸው» አለ በቀጥታ ስርጭት፣ ማንም ሳይጠይቀው። «ጆሮዬን አውቀዋለሁ፣ አርባ ናቸው። ደግሞ ትንፋሽ የሚስቡት እኩል ነው። እንዲህ ያለው ነገር በልምምድ አይመጣም፤ ከአንድ ትሪ በመብላት ነው የሚመጣው።» ራስ ሲመለጥ፣ አፍ ሲያመልጥ አይታወቅም የተባለው ይሄኔ ነው።

«ጋሼ፣ ስርጭት ልንጀምር ስድስት ደቂቃ ቀርቶናል» አለ የድምፅ ባለሙያው ኪዱ፣ ከመስታወቱ ወዲያ ካለው ክፍሉ ብቅ ብሎ። ነገሩን ሁሉ ሰምቷል። «ምን ያስጨንቅዎታል? የመዘምራኑ ተወካዮች ናቸው ይበሉና ቅጂውን እንልቀቀው። ማን ያያል? ሬዲዮ እኮ ነው!»

እውነቱን ነው፣ ማንም አያይም። ጋሽ ሽፈራው ውሃውን አየና ፊቱ ጋለ። አርባና አራትን ያልለየ ጆሮ! ቅዳሜን ጠብቆ ሬዲዮ የሚከፍተው ሰው «ሽፈራው ካለ አለ ነው» ብሎ የሚያምነው ይሄንን ጆሮ ነው። ደግሞስ አራት ሰው አስር አስር ጊዜ ከዘመረ አርባ አይደለም እንዴ? ልክ ነበርኩ ብሎ ድርቅ ማለት አማረው። ወዲያው ግን በራሱ ሳቀ።

«እናንተስ ምን ትላላችሁ?» አላቸው።

«እኛ የማንም ተወካይ አይደለንም» አለች ትግስት ፈርጠም ብላ። «አርባ ናቸው የሚሉ ከሆነ ይቅርታ ያድርጉልን፣ ወደ ቤታችን እንሄዳለን። አራት ናቸው ካሉ ግን አሁኑኑ እንዘምራለን።»

«ሳይደራረብ? አራታችሁ ብቻ?»

«ስናድግም እኮ አራት ብቻ ነበርን።»

«የአንድ ቤት ልጆች ናችሁ እንዴ?»

«አራታችንም የአቶ ኤርሳዶ ልጆች ነን» አለች ታናሽየዋ ሮሃ እየሳቀች። «የምንተኛው ራሱ አንድ ክፍል ውስጥ ነው። ይሄ ወንድማችን ፊሊጶስ ሲያንኮራፋ አራታችንም ነን የምንነቃው፣ እሱም ጭምር!»

ጋሽ ሽፈራው ባለፈው ሳምንት ስለ ትሪው የተናገረው ትዝ አለው።

«ልንገራችሁ» አለ በመጨረሻ። «ድምፃችሁ ከሳሳ፣ ሳስቷል ብዬ ለሕዝብ እናገራለሁ። እኔ ምሕረት አላውቅም።»

ፊሊጶስ ወደ በሩ ፈቀቅ አለ። ትግስት ግን ዓይኗን አልሰበረችም። «እንዳይምሩን» አለች።

ወደዳት።

ቀዩ መብራት በራ። ጋሽ ሽፈራው የጆሮ ማዳመጫውን አጥልቆ ወደ ማይክሮፎኑ ተጠጋ። ድምፁ እንደ ወትሮው የረጋ ነበር።

«ጤና ይስጥልኝ አድማጮቼ። ባለፈው ቅዳሜ የጎሮ መዘምራን አርባ ናቸው ብያችሁ ነበር። ተሳስቻለሁ። አራት ናቸው፤ ሁለት እህትማማቾችና ሁለት ወንድሞቻቸው። ቁጥሩን ሰርዙልኝ። ከምስጋናዬ ግን አንዲት ቃል አላነሳም። ዛሬ ቅጂውን አንከፍተውም። እዚሁ ይዘምራሉ፣ እናንተም ፍረዱ፣ እኔም እፈርዳለሁ።»

ከመስታወቱ ወዲያ ኪዱ ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ያዘ።

አራቱ በመካከላቸው የቆመውን ማይክሮፎን ከበው ትከሻ ለትከሻ ገጠሙ። ጀምሩ ብሎ እጁን ያነሳ የለም፤ እርስ በርስም አልተያዩም። አራቱም እኩል ትንፋሽ ሳቡ።

ገና አንድ ቃል አልወጣቸውም። ጋሽ ሽፈራው ግን በባዶ ጆሮው ሊሰማቸው የጆሮ ማዳመጫውን አወለቀና ቀስ ብሎ ጠረጴዛው ላይ አኖረው።