ውርጩ እስኪቀልጥ

ታኅሣሥን ሙሉ ሽማግሌው ሣር ጠባቂ ማለዳ ማለዳ የጎልፍ ሜዳው በር ላይ ተገትሮ ከረመ።

"ውርጭ ያለበት ሣር ከተረገጠ ይጠቁራል፤ ፀሐይ ሞቅ እስክትል ማንም አይገባም፣ ጌታዬ!" እያለ ባለመኪኖቹን ይመልሳል። ቢቆጡት አይሰማ፣ ቢለማመጡት አይሰማ። ሲመሽ ሣሩን ሸራ ያለብሰዋል። ሥራ አስኪያጁ፣ "እንዲህ ያለ ታማኝ አላየሁም" ይል ነበር።

የገና ዕለት ከሰዓት በኋላ ሥራ አስኪያጁ ጩኸት ሰምቶ ከቢሮው ሮጦ ወጣ። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ሜዳው ሳይታጠር በፊት በየዓመቱ ገና ይጫወቱበት የነበሩት የሰፈሩ ሰዎች ቆልማማ ዱላቸውን ይዘው ሩር ያሳድዳሉ።

"አባባ! ሣሩን ጨረሱት እኮ!"

ሽማግሌው ጋቢውን አደግድጎ፣ ዱላውን እንዳነሳ ዞር አለ።

"ምን ያስጮህሃል? ውርጩ እኮ ቀልጧል። ዞር በልልኝ፣ ልለጋ ነው!"