ሽንኩርት የተቀመጠበት አገልግል

በዚያ ዘመን ቤተ መዛግብቱ የሰውን የእጅ ሙያ ከነለዛው ወስዶ ለዘላለም ያኖር ነበር። የሰጠው እጅ ግን ያኔውኑ ይረሳዋል። የባህል ጥበብ አጥኚዋ አይናለም በሠላሳ ዓመት የአራት መቶ ሰው ሙያ አስገብታለች። የመጀመሪያዋ ሰጪ የገዛ እናቷ ነበረች። እናቷ ጀምራ የተወችው አገልግል፣ ወስፌው እንደተሰካበት፣ እስከ ዛሬ ማድ ቤት ሽንኩርት ይቀመጥበታል።

አሁን አይናለም ሙያ የሚወስደውን መቅረጫዋን ይዛ እስቴ ገባች፤ ስፌት ያልረሱት የመጨረሻዋ ሴት፣ እትዬ ጥሩዬ፣ ያሉት እዚያ ነው። አሮጊቷ መቅረጫውን በዓይናቸው ገረፍ አደረጉት።

"ለመሆኑ አንቺ ወስፌ ጨብጠሽ ታውቂያለሽ?"

"እኔማ አጥኚ ነኝ፣ እትዬ፤ ሠላሳ ዓመቴ።"

"ሠላሳ ዓመት ሙሉ! በይ ነይ፣ ቁጭ በይ። እኔ ስንቱን ሳስተምር ከእጄ የጎደለ ነገር የለም።"

መቅረጫው ሳይከፈት ሁለት ወር አለፈ። አይናለም የስፌቱን ሣር፣ አክርማውን፣ በውኃ ሳታርስ እየሰፋች ሰባበረችው፤ ጣቷን ወጋች፤ የሰፋችውን መልሳ ፈታች። ስትሰናበት ስፌቱ በእጇ ገብቶ ነበር፤ እትዬ ጥሩዬም እንደ ወትሮው ቀና ሳይሉ ይሰፋሉ።

ቤቷ እንደገባች ሽንኩርቱን ወለሉ ላይ ዘረገፈችው። አክርማ አራሰች፤ የእናቷን እጅ ይዛ ወስፌው ላይ አኖረችው።

"እዚህ ጋ ውጊው፣ እማዬ። አክርማውን አስከትዪበት።"

የመጀመሪያው ስፌት ጠማማ ሆነ። ሁለተኛው ትንሽ ቀና አለ። ሦስተኛው ላይ እናቷ የልጇን እጅ ገፋ አደረገች።

"ልቀቂኝ እስቲ! ይልቅ ለሽንኩርቱ ሌላ ዕቃ ፈልጊለት።"