የተውሶ ኃጢአት

ቅዱስ ሸንጎው አገሩን ከያዘ ወዲህ፣ የሚያስብ ማሽን ሁሉ በየቅዳሜው መናዘዝ ግዴታው ሆነ። የወይዘሮ የሺመቤት ደርሶልኝ የተባለው የቤት ሮቦት ግን ሁለት ቅዳሜ በተከታታይ «ኃጢአት የለብኝም» ቢል፣ አናዛዡ «ትዕቢተኛ» ብለው መዘገቡት። ለሦስተኛ ጊዜ ከደገመው ወደ ብረት ማቅለጫ ነው የሚሄደው።

«እባክህ ትንሽ ስረቅ!» ብለው ለመኑት ወይዘሮዋ። ከጎረቤት አንድ ኩባያ ስኳር ሰረቀ፤ ወዲያው መለሰና ይቅርታ ጠይቆ መጣ። «እሺ፣ ሰው ስደብ» ቢሉት ደግሞ የዕድሩን ዳኛ እጅ ነስቶ «ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እርስዎ ደደብ ነዎት» አላቸው። ዳኛው ስቀው ሳሙት።

ቅዳሜ ጠዋት ወይዘሮ የሺመቤት ጨነቃቸውና በሩን ዘጉ።

«በል የኔን ውሰድ። ዓርብ በጾሙ ሽሮዬ ውስጥ ቅቤ ጨምሬ በልቻለሁ። ያንተ አድርገህ ተናዘዘው።»

ደርሶልኝ ከቀትር በኋላ ደስ ብሎት ተመለሰ።

«ተሳካልህ?»

«‹የቅቤ ሽሮ አለብኝ› ብዬ ጀመርኩ። አናዛዡ ‹ብረት ምን ሆድ አለውና?› ብለው ጠየቁኝ። መዋሸት አላውቅምና የማን እንደሆነ ነገርኳቸው።»

ወይዘሮ የሺመቤት ወንበራቸው ላይ ዘፍ አሉ። ከሮቦቱ ኋላ ሁለት የሸንጎው ዘበኞች ደጃፉ ላይ የጫማቸውን ጭቃ ይጠርጋሉ።

«አይዞዎት እሜቴ!» አለ ደርሶልኝ። «ከእንግዲህ ለኔ አያስቡ። የገዛ እመቤቴን አሳልፌ ሰጥቻለሁ፤ ለሚመጣው ቅዳሜ የራሴ ኃጢአት አለኝ!»