ከደሴቱ አይወጣም

የዩኒቨርሲቲው ዲን ራስል ቡድሮ የመሸኛ ንግግሩን ገና አልጨረሰም፤ ጡረታ የምትወጣው ፕሮፌሰር ሞራግ ጊሊስ ግን ወንበሯን ወደ ኋላ ገፍታ ተነሳች። ራስል ፈገግ እንዳለ ንግግሩን አቋረጠ። ልታመሰግን የተነሳች መስሎታል።

እስከዚያ ድረስ ሲያወድሳት ነበር። የካናዳዋ ኬፕ ብሬተን ደሴት ሰው የድንጋይ ከሰል ጉድጓዶቹ ከተዘጉ ወዲህ በኢንተርኔት እንዴት ኑሮውን እንደሚገፋ ስታጠና ዕድሜዋን መፍጀቷን፣ ባልደረቦቿ ወደ ትልልቅ ከተሞች ሲጎርፉ እሷ እዚሁ ደሴቱ ላይ፣ ትንሿ ግሌስ ቤይ ውስጥ መቅረቷን ተናገረ። ከዚያ ለዘብ ባለ ድምፅ ዋናውን ነገር ጣል አደረገ፦ እሷ ጡረታ ስትወጣ የአካባቢ ኢኮኖሚ ጥናት ክፍሉ ይዘጋል፤ ከየቤቱ የሰበሰበችው መረጃም ከደሴቱ ውጭ ሃሊፋክስ ከተማ ወደተከፈተው የዲጂታል ኢኮኖሚ ማዕከል ይሄዳል። «መቼም በኢንተርኔት ዘመን ቦታ ምን ለውጥ ያመጣል?» ብሎ ሳቀ።

ይህቺን ነው መዋጥ ያቃታት።

መድረኩ ላይ አልወጣችም። እዚያው በቆመችበት ፊቷን ወደ ሰዉ መለሰች። የኋላውን ረድፍ የያዙት ያጠናቻቸው ሰዎች ናቸው። በየዓመቱ ደጃቸውን አንኳኩታ ወጥ ቤታቸው ተቀምጣለች፤ ምን እንደሸጡ፣ ልጃቸው ለምን ጥሏቸው እንደሄደ፣ ለምን እንደተመለሰ ጠይቃቸዋለች። ለዘመድ የማይነገር ሳይቀር ነግረዋታል። ይህን ሁሉ የነገሯት ደግሞ ቃል ስለገባችላቸው ነው።

«ራስል፣ አንተን ያስተማርኩህ እኔ ነኝ» አለች። «ቦታ ለውጥ አያመጣም ብለህ ፈተና ላይ ብትጽፍልኝ ኖሮ እጥልህ ነበር።»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቁን በሳል ሸፈነ።

«ያው የኢንተርኔት ገመድ ሃሊፋክስም ገባ፣ እዚህም ገባ። እዚህ፣ ያቺ ኋላ የተቀመጠችው ኤፊ የሠራችውን ሹራብ ለኖርዌይ ሰው እየሸጠች ቤቷን አተረፈች፤ ግድግዳ የሚጋራት ጎረቤቷ ደግሞ ሱቁን ዘጋ። ለምን? እሱን ለማወቅ ሁለቱን ቤት ማንኳኳት ያስፈልጋል። መረጃው ከዚህ ደሴት አይወጣም። ሲሰጡኝ እንዲህ ብዬ ፈርሜላቸዋለሁ፤ ዩኒቨርሲቲውም አብሮኝ ፈርሟል።»

ራስል ጉሮሮውን ጠረገ። ቢሮ ገብተን እንነጋገርበታለን አለ፤ የክብር ፕሮፌሰርነቷም ሆነ ሊሰጣት የታሰበው ቢሮ ገና በዩኒቨርሲቲው ቦርድ እጅ እንዳለ በትህትና አስታወሳት። ያለዚያ ማዕረግ ማን ይጋብዛታል? ጽሑፏንስ ማን ያትምላታል? ግን የድንጋይ ከሰል ኩባንያውም አባቷን ያሰናበተው እንዲሁ በጨዋ ቋንቋ ነበር። አባቷ ኮፍያውን አውልቆ አመስግኖ ነው የወጣው።

«ክብሩን ለቦርዱ መልስልኝ» አለች። «ቢሮውንም። ዋናው መንገድ ላይ ያለውን የተዘጋ ባንክ ተከራይቻለሁ። ጣሪያው ያፈሳል፤ ኢንተርኔቱ ግን ደህና ነው። ሰኞ ሥራ እንጀምራለን።»

ማንም አላጨበጨበም። አብረዋት የሚሠሩት ሁለት መምህራን አንገታቸውን ደፉ። ሞራግ ብቻዋን የቀረች መሰላት፤ ይሁን፣ አለች በልቧ፣ ብቻዬንም ቢሆን።

ያኔ ኤፊ ተነሳች። ወንበሯን በመደገፊያው ይዛ፣ እግሮቹ ወለሉን እየፋቁ፣ ሞራግ አጠገብ ድረስ ጎተተችው፤ ጀርባዋን ለመድረኩ ሰጥታም ተቀመጠች። «ጣሪያውን የኔ ባል ያየዋል» አለች። ሌላ ወንበር ተጎተተ። ደግሞ ሌላ። ሱቁን የዘጋው ጎረቤትም የራሱን ተሸክሞ መጣ፤ ከኤፊ ትንሽ ራቅ አድርጎ አስቀመጠው።

ሞራግ መሃላቸው ተቀመጠች። ስለ ሰኞ ማውራት ጀመሩ። ቀና ስትል ራስል ጀርባቸውን ከሰጡት ሰዎች ባሻገር መድረኩ ላይ እንደቆመ ነው፤ ማይክሮፎኑ ገና ስላልጠፋ ትንፋሹ በድምፅ ማጉያው ይሰማል።